ትንንሽ ድንች በኤር ፍራየር፦ ከመንፈቅ በላይ ከተጠቀምኩበት በኋላ

ይህን ኤር ፍራየር ከገዛሁት መንፈቅ አልፎታል። ስለ ዶሮውም ስለ ዓሣውም ብዙ ስለተባለ እኔ የማተኩረው ዕቃውን በደንብ በሚፈትነው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ከነልጣጫቸው በሚበሉት፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ትንንሽ ድንቾች ላይ። ላዩ ጥርስ ላይ ኮሽ የሚል፣ ውስጡ ግን ለስላሳ የሆነ ድንች ማውጣት የቻለ ማሽን ሌላውን አያቅተውም። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ይችላል። ነገር ግን ድንቹ ኮሽ ይበል አይበል በአብዛኛው የሚወሰነው ቅርጫቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ማሽኑ ላይ ያለችውን የድንች ምልክት ተጭኖ መሄድ ብቻውን አይበቃም።

የእኔው ባለ 4 ሊትር ቅርጫት፣ 1500 ዋት የሚስብ፣ ሙቀቱ ከ80 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚስተካከል መካከለኛ ዕቃ ነው። የዚህ ዓይነት ማብሰያ ስሙ የገነነው ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2010 በርሊን ላይ የራሱን ካስተዋወቀ ወዲህ ነው፤ አሠራሩም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም። ከላይ የሚግል ጥቅልል ብረት አለ፤ ከእሱ በላይ ማራገቢያ አለ። ማራገቢያው የጋለውን አየር በጠባቡ ክፍል ውስጥ በኃይል እያሽከረከረ በድንቹ ዙሪያና በቅርጫቱ ቀዳዳዎች በኩል ያሳልፈዋል። በአጭሩ፣ ንፋሱ የበረታ ትንሽ ኦቨን ነው።

ንፋሱ ለምን እንደሚጠቅም የሚገባን የድንቹን ውሃ ስናስብ ነው። ከድንች ክብደት 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ላዩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም፤ ማሽኑን 200 ላይ ብናደርገውም ሙቀቱ ውሃ በማትነን ላይ ያልቃል። ድንቹ ቡናማ እየሆነ ያን የሚያምር የጥብስ ሽታ መስጠት የሚጀምረው ላዩ ደርቆ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። የማራገቢያው ሥራ ከድንቹ የሚወጣውን እንፋሎት ወዲያው እየጠረገ ላዩን ቶሎ ማድረቅ ነው። ድንቹ ከተደራረበ ግን እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ያን ጊዜ የምናገኘው ቅቅል ነው እንጂ ጥብስ አይደለም። ቅርጫቱን እስከ አፉ ሞልተው ሲያበቁ «ይሄ ነገር አይሠራም» ብለው ዕቃውን ቁም ሳጥን ውስጥ የከተቱ ሰዎች አውቃለሁ። በእኔ ቅርጫት ግማሽ ኪሎ ድንች ሳይደራረብ ይቀመጣል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በሁለት ዙር ነው የምሠራው።

ጊዜ በሌለኝ ቀን ጥሬውን እሠራለሁ። ድንቹን አሽቼ አጥባለሁ፣ ለሁለት እከፍላለሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል እዘፈዝፋለሁ። ከተቆረጠው በኩል የሚወጣው ስታርችና ስኳር ውሃውን ሲያደፈርሰው በዓይን ይታያል፤ ያ ድንቹ ላይ ቢቀር ኖሮ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ቶሎ ይጠቁር ነበር። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ አንድ በአንድ በደንብ አደርቃለሁ። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም፤ ፎጣው ያልወሰደውን ውሃ ማሽኑ በደቂቃዎች ዋጋ ነው የሚያወጣው። ዘይት ለውሼ በ190 ዲግሪ ከ22 እስከ 25 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንዴ ነቅነቅ። ጥሩ ድንች ነው። ልጣጩ ይጨማደዳል፣ ውስጡ ይበስላል፣ ቅርፊቱ ግን ስስ ነው። ለሥራ ቀን እራት ከበቂ በላይ ነው።

እውነተኛው ኮሽታ የሚመጣው ግን ቀድሞ በመቀቀል ነው። ለሁለት የተከፈለውን ድንች በቀዝቃዛ ውሃ እጥዳለሁ፤ ለ2 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ እጨምራለሁ። ቤኪንግ ሶዳው የድንቹን ሕዋሳት አጣብቆ የያዘውን ፔክቲን ያላላዋል፤ በዚህም የተቆረጠው ፊት እንደ መሟሟት ይላል። ውሃው ከፈላ በኋላ 8 ደቂቃ ገደማ ቆይቼ ቢላ እወጋለሁ። ቢላው ትንሽ እየታገለ ከገባ ይበቃል። ውሃውን አጠንፍፌ ድንቹን ወደ ትኩሱ ድስት እመልሰዋለሁ፤ ሳልከድን 5 ደቂቃ እተወዋለሁ። በዚህ ጊዜ እንፋሎቱ እየቦለቀ ይወጣል፣ ያብለጨልጭ የነበረው የድንቹ ፊትም ደብዘዝ ብሎ ነጭ ይሆናል። ያ ንጣት ነው የምጠብቀው ምልክት። ከዚያ ድስቱን ከድኜ ጠንከር አድርጌ እነቀንቃለሁ፤ ጠርዙ ይሻክራል፣ የተቆረጠው ፊት ላይም ቀጭን የስታርች ሊጥ ይለጠፋል። ቅርፊት የሚሆነው ይኼው ሊጥ ነው። ሻካራ ፊት ከለስላሳው ይልቅ ብዙ ጠርዝና ጉድጓድ ስላለው ንፋሱና ዘይቱ የሚሠሩበት ቦታ ይበዛል።

ቤኪንግ ሶዳውን ማብዛት ግን ጥሩ አይደለም። ከመጠኑ ካለፈ ድንቹ ይፈራርሳል፤ ምላስ ላይም የሳሙና የሚመስል ጣዕም ይተዋል።

ስለ ዘይት «ያለ ዘይት ያበስላል» የሚለው ማስታወቂያ ድንችን በተመለከተ ሙሉ እውነት አይደለም። ያለ ዘይት ይበስላል፤ ኮሽ ግን አይልም፤ ላዩ ደረቅና ቆዳ መሳይ ይሆናል። ዘይቱ ሙቀቱን ወደ እያንዳንዱ ስንጥቅ የሚያደርሰው ነው። ለግማሽ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በእጅ ማሸት ከመርጨት ይሻላል። ከዚያ በላይ ቢጨመር ቅርፊቱ አይሻሻልም፤ ትርፉ ዘይት ወደ ታች ተንጠባጥቦ ይጨሳል እንጂ።

ማሽኑን 3 ደቂቃ ባዶውን አሙቄ፣ ድንቹን የተቆረጠው ፊት ወደ ላይ እንዲሆን ደርድሬ በ200 ዲግሪ እጀምራለሁ። የጋለው ብረት ከላይ ስለሆነ ዋናው እሳት የሚያርፈው ወደ ላይ ባየው ፊት ላይ ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ እነቀንቃለሁ፤ ቀድሜ አልነካውም፣ ምክንያቱም ሊጡ ሳይደርቅ ከተነካ እየተላጠ ቅርጫቱ ላይ ይቀራል። በጠቅላላው 18 ወይም 20 ደቂቃ። መድረሱን ከሰዓቱ ይልቅ በጆሮዬ ነው የማውቀው። ያልደረሰ ድንች ሲነቀነቅ ድምፁ የታፈነ ነው፤ የደረሰው እርስ በርሱ ሲጋጭ የደረቀ ነገር ድምፅ አለው።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም የምወደው ነው፤ እንግዳ ሲመጣም የማቀርበው እሱን ነው። ድንቹን ሳልቆርጥ ሙሉ በሙሉ እስኪበስል እቀቅላለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ከዚያ በብርጭቆ ቂጥ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል እስኪሳሳ ቀስ ብዬ እጨፈልቀዋለሁ። ልጣጩ ይሰነጠቅና ሥጋው በየስንጥቁ ይወጣል። ዘይት ቀብቼ በ200 ዲግሪ 15 ደቂቃ፤ መነቅነቅ የለም። ዳር ዳሩ ላይ የወጡት ቀጫጭን ጫፎች ጠቆር ብለው እንደ ብርጭቆ ይሰባበራሉ፣ ልጣጩ ይነፋና ከሥሩ ባዶ ይሆናል፣ መሃሉ ግን አሁንም ክሬም ነው። ችግሩ ቦታ ነው። የተጨፈለቀ ድንች ስለሚንጣለል በአንድ ዙር የሚገባው ጥቂት ነው።

የድንቹ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ስታርቻቸው አነስተኛ፣ ሲበስሉም ቅርጻቸውን የሚይዙ ናቸው። ውስጣቸው ይጣፍጣል፤ ቅርፊት ለማውጣት ግን መቁረጥ ወይም መጨፍለቅ ይፈልጋሉ። ሳይቆረጡ ድፍናቸውን ቢገቡ ልጣጩ ውሃውን ስለሚይዝ ምንም ያህል ብንጠብቅ ኮሽታ የለም።

ቅመም ላይ ንፋሱን ማሰብ ያስፈልጋል። ደረቅ ቅጠላ ቅጠል ቀድሞ ከተነሰነሰ እየበረረ የጋለው ብረት ላይ ተጣብቆ ይቃጠላል፤ ቤቱን የሚሞላው ሽታ የድንቹ ሳይሆን የእሱ ነው። ነጭ ሽንኩርት በ200 ዲግሪ ይመራል፤ ስለዚህ የምጨምረው በመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች ነው። ጥሬውን ስሠራ ጨው የማደርገው ድንቹ ከወጣ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ውሃ ያስወጣል። ቅርጫት ላይ የሚነጠፍ ወረቀትን ለድንች አልመክርም። ከታች የሚመጣውን አየር ይዘጋል፤ የሚጫነው ነገር ከሌለ ደግሞ ንፋሱ አንሥቶ ከጋለው ብረት ጋር ያገናኘዋል፤ ይህ አደጋ ነው።

ቀለሙ ላይም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙዎች በጠቆረ ቁጥር የጣፈጠ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ስታርች ያላቸው ምግቦች በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበሱና ሲጋገሩ አክሪላማይድ የሚባል፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ንጥረ ነገር እንደሚፈጠርባቸው ይፋ አድርገዋል። የሚፈጠረው ከ120 ዲግሪ በላይ ባለ ሙቀት ሲሆን እየጠቆረ በሄደ መጠን ይበዛል። በኤር ፍራየር የተሠራ ሁሉ ከዚህ ነፃ ነው ማለት አይደለም። እኔ ወርቃማ ሲሆን አወጣለሁ፤ ኮሽታው ላይ የሚጎድል ነገር የለም። ድንቹንም ፍሪጅ ውስጥ አላስቀምጥም፤ በብርድ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ላዩ ቶሎ ይከስላል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይበቃዋል። ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነው ደግሞ ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር ስለሚኖረው ቅርጫቱ ውስጥ አይገባም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ከእነዚህ ወራት በኋላ ማሞቂያውና ማራገቢያው እንደ መጀመሪያው ናቸው፤ ድምፁም አልተለወጠም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የነበረው የፕላስቲክ ሽታ ቶሎ ጠፍቷል። ያረጀው የቅርጫቱ ሽፋን ነው። ውስጥ የሚቀመጠው ባለ ቀዳዳ ሳህን ማዕዘኖቹ ላይ ወዙን አጥቷል፣ ድንቹም እዚያ ቦታ መያዝ ጀምሯል። ይህን ሽፋን የሚጎዱት የብረት ሹካ፣ ሻካራ የዕቃ ማጠቢያና በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚረጭ ዘይት ናቸው። የሚረጨው ዘይት ብዙ ጊዜ ሌሲቲን የሚባል፣ ምግብ እንዳይጣበቅ የሚጨመር ነገር ስላለበት በሙቀት ቢጫና ሙጫ መሳይ ነገር ሆኖ ይደርቃል፤ በሳሙናም በቀላሉ አይለቅም። ሳህኑ ጎን ላይ ያሉት ትንንሽ የጎማ ሽፋኖችም እየላሉ ስለሚወልቁ ሲታጠቡ ማየት ይገባል። ሳህኑ ለብቻው መሸጡን ዕቃውን ከመግዛት በፊት መጠየቅ ብልህነት ነው።

ቅርጫቱን ማጠብ ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጣሪያውን ነው። የሚፈናጠረው ዘይት ማሞቂያው ዙሪያ ይጋገራል፤ ባዶውን ሲሠራ ጭስ ከመጣ መነሻው እሱ ነው። ከሶኬት ነቅዬ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ ገልብጬ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ኤሌክትሪኩን በተመለከተ 1500 ዋት ቀላል ስላልሆነ ከማንቆርቆሪያ ወይም ከሌላ ማሞቂያ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ አልሰካውም።

ከሌሎች ጋር ሳነጻጽረው፣ ብዙ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ድንች አሁንም ቅርፊቱ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አልችልም። ዘይቱ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ጎን ይይዛል፣ ንፋስ እስከዚያ አይደርስም። ልዩነቱ ግን አንድ ማንኪያ ዘይትና አንድ ሊትር ዘይት ነው፤ ለእኔ ያ በቂ ነው። ከትልቁ ኦቨን ጋር ሲተያይ ደግሞ ለአንድና ለሁለት ሰው ኤር ፍራየሩ በሁሉም ያሸንፋል፤ ኦቨኑ ገና ሳይሞቅ እዚህ ድንቹ ግማሽ መንገድ ደርሷል። ለአምስት ሰው ከሆነ ግን ኦቨኑ ይሻላል። በዙር ሲሠራ የመጀመሪያው ዙር የሁለተኛውን ሲጠብቅ ይለሰልሳል፤ ከውስጥ የሚወጣው እንፋሎት ቅርፊቱን በደቂቃዎች ያርሰዋልና። ክዳን ከተደረገበትማ አለቀለት። የአደረ ድንች ላይ ግን ተወዳዳሪ የለውም፤ በ180 ዲግሪ 5 ደቂቃ ቅርፊቱን ይመልስለታል፣ ማይክሮዌቭ የሚያለሰልሰውን።

የምገዛው እንደገና ቢሆን ይህንኑ ዓይነት እገዛለሁ፤ ነገር ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር አላምንም። ሊትሩ ጥልቀቱንም ይቆጥራል፤ ድንች ደግሞ የሚፈልገው መነጠፊያ ነው። ጠባብና ጥልቅ የሆነ ባለ 5 ሊትር ቅርጫት ሰፊና ጎድጓዳነቱ አነስተኛ ከሆነ ባለ 4 ሊትር ያነሰ ድንች ነው የሚጠብሰው። ሱቅ ውስጥ ቅርጫቱን ስበው አውጥተው የወለሉን ስፋት ይዩ፤ ክቡ ማዕዘን ስለሌለው ባለ አራት ማዕዘኑን ይምረጡ።