የማሳያውን ፈትሾ ሌላውን የሚያሽግ ሱቅ፦ የጋዝ ሪጉሌተር ልትገዙ የምትሄዱ ተጠንቀቁ

የጋዝ ሪጉሌተር (ከሲሊንደር የሚወጣውን ጋዝ ግፊት የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ልትገዙ መርካቶ የምትሄዱ ሰዎች፣ መጀመሪያ ይሄን አንብቡ። 4,800 ብሬን ተበልቻለሁ። ብሩ ያንገበግባል። የሰዎቹ ንቀት ግን ከብሩ ይብሳል።

ሱቁን በስም አልጠራም። የጋዝ ምድጃ፣ ሲሊንደርና ጎማ የሚሸጡት ተደርድረው ያሉበትን ሰፈር ታውቁታላችሁ። ሰዎቹንም ታውቋቸዋላችሁ። ገና ከበሩ «ምን ነበር ወንድሜ?» ብሎ የሚቀበላችሁ፣ የጠየቃችሁት ሁሉ «ሞልቷል» የሚል፣ ዋጋ ስትጠይቁ መልስ ከመስጠቱ በፊት ካልኩሌተር የሚያነሳ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ሥራዬን ልንገራችሁ። አለምገና ጫፍ ላይ ትንሽ የብረት መቀጥቀጫ ቤት አለችኝ። ከመኪና ባሌስትራ ቢላና መጥረቢያ እሠራለሁ። አልፎ አልፎ ለአካባቢው ገበሬዎች ማረሻ አወጣለሁ። እስካሁን የምሠራው በከሰል ነው። ወናፉን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ እሳቱን የማናፋው በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነው። መብራት ሲጠፋ ብረቱ እሳት ውስጥ እንዳለ ይቀዘቅዛል። መብራት ደግሞ እንዴት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። የአንድ ማዳበሪያ ከሰል ዋጋ በመጣ ቁጥር ይጨምራል። ጭሱንም ጎረቤት አልወደደውም። ስለዚህ በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ በርነር በራሴ እጅ ልሠራ ተነሳሁ።

በርነሩ ከባድ ነገር አይደለም። ባለ ሶስት አራተኛ ኢንች ጥቁር ቧንቧ፣ ርዝመቱ 20 ሳንቲሜትር ገደማ። ከኋላው ሪዱሰር (አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ የሆነ የቧንቧ መጋጠሚያ) ይገጠምለታል፣ ሰፊው አፉ ወደ ውጭ ሆኖ። በዚያ አፍ መሃል ለመሃል የጋዙ መውጫ ይቀመጣል። እኔ ለዚህ የተጠቀምኩት የሲኦቱ ብየዳ (በጋዝ የሚሠራው የሽቦ ብየዳ) ጫፍ ነው፣ 0.9 ሚሊሜትር ሽቦ የሚያሳልፈውን። (ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ እንዳትጠቀሙ። ዚንኩ ሲግል የሚወጣው ጭስ አልጋ ላይ ይጥላል።) የምድጃው አካል ላሜራ ነው፣ ውስጡ ሙቀት በሚችል ሴራሚክ ፋይበር የተሸፈነ።

ማራገቢያ የለውም፤ የወደድኩትም ለዚህ ነው። ጋዙ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ሲተኮስ በዙሪያው ያለውን አየር ጎትቶ ይዞት ይገባል። ቧንቧው ውስጥ ይደባለቃሉ፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ይነዳሉ። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ጋዙ በሚወጣበት ፍጥነት ላይ ነው። ፍጥነቱን የሚሰጠው ደግሞ ግፊት ነው። ቤት ውስጥ ወጥ የምንሠራበት ሪጉሌተር የሚለቀው 30 ሚሊባር (0.03 ባር) አካባቢ ነው። እንዲህ ዓይነት በርነር ግን ከ0.2 እስከ 1 ባር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በዚያ ላይ እኛ ያለነው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው። አየሩ ስስ ነው። በርነሩ አየር መሳብ ትንሽ ካቃተው ነበልባሉ ወዲያው ያሳብቃል። ስለዚህ የሚስተካከል፣ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ያለው፣ የከፍተኛ ግፊት ሪጉሌተር ግድ ነው። እሱ ከሌለ የያዝከው ቧንቧ ብቻ ነው።

ይሄን ሁሉ ሱቁ ውስጥ ለሚሸጠው ልጅ አስረዳሁት። የምፈልገውን በቃልም በወረቀትም ነገርኩት፤ ከ0 እስከ 2 ባር የሚስተካከል። «ገባኝ፣ ገባኝ» አለ።

ባንኮኒው ላይ አንድ ሪጉሌተር አለ። ከባድ ነው፣ ቀይ ማስተካከያና ክብ ጌጅ አለው። «በኮምፕሬሰር እንየው» ያለው ራሱ ነው። እኔ አልጠየቅሁትም። ጎማውን ሰካ። ቀዩን ማስተካከያ ቀስ አድርጎ አዞረ፤ የጌጁ መርፌ ተነሳ። ግማሽ ባር። ትንሽ ጨመረ፤ አንድ ባር ላይ ቆመ። መልሶ አዞረ፤ ወረደ። «አየኸው አይደል? እንደፈለግክ ታዘዋለህ።» ዕቃው እውነትም ጥሩ ነበር። 5,500 ብሎ ጀመረ፣ ተከራከርን፣ 4,800 ላይ ቆምን። ደረሰኝ ስለው የምትጠብቁትን አለ፤ «ሲስተም የለም።» ከደብተሩ ቅዳጅ ወረቀት ላይ «ሪጉሌተር 1» ብሎ ጫረልኝ። ክፍያውን በሞባይል ላክሁ። የተቀባዩ ስም ሲመጣ የሱቁ አልነበረም፤ የአንድ ግለሰብ ነበር።

ከዚያ ነው ነገሩ የመጣው። «ይሄ ማሳያ ነው ወንድሜ፣ ብዙ እጅ ነክቶታል። የታሸገ ላውጣልህ» አለኝ። ጓዳ ገባ። ቆየ። ሲወጣ ሳጥን ይዟል። ሳጥኑ ላይ ያለው ፎቶ ባንኮኒው ላይ ያለው ራሱ ነው። ክዳኑ በፕላስተር ዙሪያውን ተለጥፏል። ፕላስተሩ ላይ የጣት አሻራ ይታያል፤ ያኔም አይቼዋለሁ። «ከፍተን እንየው» አልኩት። መዳፉን ዘርግቶ ክዳኑ ላይ አሳረፈ። «ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል። አስመጪው አይቀበለንም» አለ። ድምፁ እንደተረጋጋ ነው። በሌላ እጁ ከባንኮኒው ስር ጥቁር ፌስታል እየፈለገ ነው። ፌስታሉ እስኪገኝ ድረስ ያ መዳፍ ከሳጥኑ ላይ አልተነሳም። ራሱ ከተተው፣ ራሱ አፉን ቋጠረው፣ «ሥራው ይባረክ» ብሎ ሰጠኝ። ሥራው ይባረክ!

ቤት ገብቼ ስከፍተው መልኩ ተመሳሳይ ነው። ቀይ ማስተካከያ አለው፣ ጌጅም አለው። ሳነሳው ግን ቀለለኝ። ገጠምኩት። መጋጠሚያዎቹን በኦሞ አረፋ አየሁ፤ የሚያፈስ የለም። ሲሊንደሩን ከፍቼ ለኮስኩ። የተልፈሰፈሰ ብርቱካናማ ነበልባል ወጣ። ማስተካከያውን አዞርኩ፤ ምንም። የጌጁ መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል። እንደገና አዞርኩ። ነበልባሉ ጭራሽ ወደ ኋላ ሸሸና «ቧ» ብሎ ቧንቧው ውስጥ ገባ፤ መውጫው ጫፍ ላይ መንደድ ጀመረ። ሪዱሰሩ ሲግል ሲሊንደሩን ዘጋሁት። ምድጃው ውስጥ ያስቀመጥኩት የባሌስትራ ቁራጭ ጥቁር እንደሆነ ነው። ለመቀጥቀጥ 1,100 ዲግሪ አካባቢ የሚፈልግ ብረት ነው እንግዲህ።

ሰፈራችን ቶርኖ ቤት ያለው ወዳጄ ጋ ወሰድኩት። ጌጁን ፈታው። ከጌጁ ኋላ ቀዳዳ የለም። ጥርስ ወጥቶለታል፣ ወደ ውስጥ ግን አልተበሳም። ጌጁ ጌጥ ነው። ቀዩ ማስተካከያም ባዶውን ነው የሚዞረው። አካሉ ላይ «0–2 ባር» የሚል ተለጣፊ አለ። ወዳጄ ጫፉን በጥፍሩ አነሳና ላጠው። ከስሩ ብረቱ ላይ አብሮ የተቀረጸ ጽሑፍ ወጣ፤ 30 ሚሊባር። የወጥ ቤት ሪጉሌተር ነው። እሱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም።

ይሄ የብር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በደንብ ያልነደደ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ነበልባሉ ጠፍቶ ጋዙ ሲለቀቅ ቢቆይ፣ ቤቱም ዝግ ቢሆን ምን እንደሚሆን አስቡት። የእኔ ቤት ሁለት ጎኗ ክፍት ነው። የሌላው ሰው ላይሆን ይችላል።

በማግስቱ ተመለስኩ። ልጁ አላወቀኝም፤ ማለቴ እንዳላወቀ ሆነ። «መቼ ነው የገዛኸው?» አለኝ። ቅዳጅ ወረቀቱን አሳየሁት። «ሪጉሌተር ነው የሚለው፣ ሪጉሌተር ሰጥተንሃል።» እንግዲህ ወረቀቱ ለምን እንደዚያ አጥሮ እንደተጻፈ ያኔ ገባኝ። አለቃውን ጥራልኝ አልኩ። አለቃው እዚያው ጥግ ተቀምጧል። ስልኩን እየነካካ ነበር፣ ቀናም አላለም።

«ለምንድነው የምትጠቀምበት?» አለኝ።

«ብረት ለማጋል።»

አሁን ቀና አለ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ቀጥቃጭ ነህ እንዴ?» ልጆቹ ሳቁ። «ታዲያ ወናፍህን አትነፋም? ጋዝ ምን አባክ ያደርግልሃል?»

አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። እዚህ ሱቅ አልደረሰም። ይሄ ሰውዬ የሚበላው እንጀራ ጤፉ በምን እንደታረሰ ጠይቄው ነበር፤ ሳቃቸው ዋጠው። ቀጥሎ ምክንያቱን ደረደረ። «ፈታተኸዋል፣ ተለጣፊውን ልጠኸዋል፣ ዋስትና የለውም። ደግሞ ችግሩ አንተ የሠራኸው ቧንቧ ነው፣ የእኛ ዕቃ ምንም የለበትም።» ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ተለጥፏል። ፍሬም ገብቶለታል፤ ሱቁ ውስጥ በጥንቃቄ የተያዘ ዕቃ ቢኖር እሱ ነው።

እዚያው ቆሜ እያለሁ ሌላ ደንበኛ ገባ። በያጅ ነው መሰለኝ፣ የሥራ ቱታ ለብሷል። ልጁ ያንኑ ማሳያ አነሳ። ኮምፕሬሰሩን አስነሳ። መርፌው ግማሽ ባር፣ አንድ ባር። «አየኸው አይደል?» ቃል በቃል። እኔ ሰውዬውን «ወንድሜ፣ ይሄን የተፈተሸውን ራሱን ስጠኝ በለው» አልኩት። ጠየቀው። ልጁ «ማሳያ አይሸጥም» አለ። ሰውዬው ልጁን አየው፣ እኔን አየኝ፣ የያዝኩትን የተላጠ ዕቃ አየ። ምንም ሳይናገር ወጣ። አለቃው ያኔ ነው ከወንበሩ የተነሳው። «ገበያ አትዝጋብኝ፣ ውጣልኝ!» ብሎ ዘበኛውን ጠራ። ዘበኛው ሽማግሌ ነው። «ና ልጄ፣ ከእነሱ ጋር አትድከም» ብሎ በክንዴ ይዞ አወጣኝ። የዚያን ቀን እንደ ሰው ያናገረኝ እሱ ብቻ ነው።

«ችግሩ የአንተ ቧንቧ ነው» ላለው ደግሞ መልሱ ይኸው። ከአንድ ጓደኛዬ ትክክለኛውን ሪጉሌተር ተውሼ ያንኑ በርነር አስነሳሁ። ምንም ሳልቀይር። ግማሽ ባር ላይ ሳደርሰው ጮኸ። ነበልባሉ አጠረ፣ ሰማያዊ ሆነ። የባሌስትራው ቁራጭ ቀላ፣ ቆይቶም ብርቱካን ሆነ። መስፉ ላይ አውጥቼ ስመታው እንደሚገባው ተዘረጋ።

እና ስትገዙ፣ በዓይናችሁ የተፈተሸውን ራሱን ውሰዱ። የታሸገ ካሏችሁ ከፍተው ፊታችሁ ይፈትሹት፤ እምቢ ካሉ ውጡ። ተለጣፊ አትመኑ፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ፈልጉ። ደረሰኝ መስጠት ውለታ አይደለም፤ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የነጋዴው ግዴታ ነው። ግፊቱም ተጽፎ ይሁን። የወጥ ቤቱን ሪጉሌተር በስቶ ግፊት መጨመር ይቻላል የሚሏችሁ አሉ፤ አትስሟቸው። ያለ ሪጉሌተር በቀጥታ ከሲሊንደሩ የሚያገናኙትንማ ከአጠገባቸውም አትቁሙ።

የተዋስኩትን መመለስ አለብኝ። ቃሊቲም ሆነ ሰበታ፣ የትም ይሁን፣ የከፍተኛ ግፊቱን የሚሸጥ ደህና ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ግድ የለም። ከሳጥን አውጥቶ ፊቴ የሚፈትሽ ከሆነ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።