ቶን እና ቶን፦ የመለኪያ መለወጫ አፑን ሥራ ላይ ፈተንኩት

ዱባይ ውስጥ የሕንፃ ኤሲ ጥገና ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በሥራችን እንደ «ቶን» የሚያምታታ ቃል የለም። ሱቅ ገብተህ «አንድ ተኩል ቶን ስፕሊት» (ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ) ስትል ሻጩ 18,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ) በሰዓት ማለትህ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። አዲስ የመጣ ልጅ ግን ግራ ይገባዋል። አብሮኝ የሚሠራው የደሴ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት «ጋሼ፣ ይሄ አንድ ተኩል ቶን ከሆነ ግድግዳው እንዴት ቻለው?» ብሎኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የኤሲ ቶን የማሽኑ ክብደት ሳይሆን የማቀዝቀዝ አቅሙ እንደሆነ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት።

ያኔ ነው ይህን ነፃ የመለኪያ መለወጫ አፕ ስልኬ ላይ የጫንኩት። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ አምሳያዎቹ ብዙ ናቸው፣ እኔ ያደረግኩትን ፈተና ደግሞ በማንኛቸውም ላይ መሞከር ይቻላል።

ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የቺለር (ውሃ የሚያቀዘቅዘው ትልቅ ማሽን) ክፍል ምድር ቤት ነው፣ ኔትወርክ አይገባም። ቁልፎቹ ሰፋፊ ስለሆኑ በላብ በራሰ ጣትም አይስቱም። ቢቲዩን ወደ ኪሎዋት፣ የግፊት መለኪያውን ፒኤስአይ ወደ ባር ሲለውጥ አንድም ቀን አላሳሳተኝም።

ጉዳዩ የተነሳው ከቢል ነው። የምንኖርበት ሕንፃ በየቤቱ ኮምፕረሰር የለውም፤ ቀዝቃዛው ውሃ ከማዕከላዊ ጣቢያ በቧንቧ ይመጣል፣ ቢሉም የሚቆጠረው በቶን-ሰዓት ነው፤ ማለትም አንድ ቶን ኤሲ በአንድ ሰዓት በሚያወጣው ሙቀት። የኦገስቱ 900 ቶን-ሰዓት ሆኖ መጣ። የቤት ጓደኛዬ ወረቀቱን እያገላበጠ «ይሄ ስንት ማለት ነው?» አለኝ። አፑን ከፍቼ የኢነርጂውን ዝርዝር ወደ ታች ሳወርድ ጁል፣ ካሎሪ፣ ኪሎዋት-ሰዓት፣ የማቀዝቀዣ ቶን፣ ከዚያም ሥር የፈንጂው የቲኤንቲ ቶን ተደርድረዋል። አንዱ ቤት የሚያቀዘቅዝ፣ አንዱ ቤት የሚያፈርስ፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። ሳላሰላው መተኛት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያሰላሁት በእጄ ነው፣ በካፓሲተር ካርቶን ጀርባ ላይ። የማቀዝቀዣው ቶን የመጣው ከበረዶ ነው፦ 2,000 ፓውንድ ወይም 907 ኪሎ በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ሙቀት። ለአንድ ፓውንድ 144 ቢቲዩ፣ ለጠቅላላው 288,000፤ ለ24 ሲካፈል በሰዓት 12,000 ቢቲዩ፣ ማለትም 3.517 ኪሎዋት። የፈንጂው ቶን ደግሞ በስምምነት የተወሰነ ነው፦ አንድ ቢሊዮን ካሎሪ፣ 4.184 ጊጋጁል፣ ወደ 1,162 ኪሎዋት-ሰዓት። አንዱን ለሌላው ሳካፍል አንድ ቶን ቲኤንቲ ወደ 330.5 ቶን-ሰዓት ሆነ። አፑ 330.47 አለ። እስከዚህ ተስማማን።

የኛ ቢል ታዲያ 2.72 ቶን ቲኤንቲ ነው። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ጦርነት ያየ ሰው ነው፤ ፈንጂ ሲባል ድምፁ ይመጣበታል። ቀስ ብዬ አስረዳሁት። ያንን ሁሉ ሙቀት ቧንቧው ከቤታችን ያወጣው በ31 ቀን ነው፤ ቲኤንቲ ሲፈነዳ ግን ፍንዳታው በውስጡ በሰከንድ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው የሚሮጠው። አንድ ቶን ኤሲ በአንድ ሰዓት የሚያወጣው ሙቀት የሦስት ኪሎ ቲኤንቲ ያህል ነው፣ ማንም ግን አይሰማውም። እንዲያውም ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር በግራም ሲመዘን ከቲኤንቲ አራት እጥፍ ኢነርጂ አለው፤ ፈንጂን አጥፊ የሚያደርገው ያለውን በቅጽበት መልቀቁ ነው።

የአፑ ጉድለትም ያለው እዚሁ ጊዜው ላይ ነው። ቶን ማለት በሰዓት የሚወጣ ሙቀት ነው፣ የፍጥነት መለኪያ ነው፤ ቲኤንቲ ደግሞ ጠቅላላ መጠን ነው። ሰዓት ሳይገባ አንዱ ወደ ሌላው አይለወጥም። አፑ ግን ሰዓቱን ሳይጠይቅ፣ ለተጠቃሚውም ሳይናገር፣ አንድ ሰዓት ብሎ ያሰላል። የደሴው ልጅ አንድ ተኩል ቶን ማሽን ለአሥር ሰዓት ሲሠራ ስንት እንደሚሆን ሲሞክር 4.54 ኪሎ ቲኤንቲ አወጣለት። ትክክለኛው 45.4 ነው። ቲኤንቲው ለትምህርት ነው፣ ጉዳት የለውም እንበል። ግን ያው አፕ ወደ ኪሎዋት-ሰዓት ሲለውጥም 52.8 ማለት ሲገባው 5.28 ይላል። በዚህ ቁጥር ለሌሊት የሚሆን የቀዝቃዛ ውሃ ታንከር የሚያዝ ሰው አሥር እጥፍ ያነሰ ታንከር ነው የሚገዛው። እኛ ሥራ ላይ ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም።

ሌላው ደግሞ ቶን-ሰዓትን ወደ ኪሎቶን ስትለውጥ 0.00 ብሎ ይቆማል። ቁጥሩ ትንሽ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም፤ የነጥብ አሃዞችን መጨመሪያ ደግሞ የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁላችሁም፦ የሚወጣው ኪሎዋት የቅዝቃዜው እንጂ የመብራቱ አይደለም። አንድ ተኩል ቶን ስፕሊት 5.3 ኪሎዋት ሙቀት ያወጣል፤ ከቆጣሪው የሚስበው ግን እንደ ማሽኑ ዓይነትና እንደ ውጭው ሙቀት ሁለት ኪሎዋት አካባቢ ነው። የመብራት ወጪ የምታሰሉ ከአፑ ሳይሆን ከማሽኑ ሰሌዳ ላይ አንብቡ።

ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ለአዘጋጆቹም ሁለት ነገር ጽፌላቸዋለሁ፦ ከቶን ጎን የሰዓት ማስገቢያ ሣጥን ይጨምሩ፤ የጃፓኑን የማቀዝቀዣ ቶን፣ 3.86 ኪሎዋቱን፣ ለብቻው ያስቀምጡ። ሁለቱን ካስተካከሉ አራተኛውን ኮከብ በዚያው ቀን እጨምራለሁ።