የዩቪቢ አምፖል ለኤሊ ጫጩት፦ ድሬዳዋ ላይ ከ9 ወር በኋላ

አምፖሉ ዩቪቢ የሚባለውን፣ በፀሐይ ብርሃን ውስጥም ያለውን የማይታይ ጨረር የሚሰጥ፣ ባለ 26 ዋት፣ ጠምዛዛ፣ የጨረሩን ጥንካሬ የሚያመለክት «5.0» የተጻፈበት ነው። የተሰቀለው ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት የውሃ ኤሊ ጫጩት በምትኖርበት ገንዳ ላይ ሲሆን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይበራል። ጥሩ ዕቃ ነው። ፀሐይ የሚገባበት ግቢ ላለው የድሬዳዋ ሰው ግን መጀመሪያ የሚገዛ አይደለም።

የኤሊ ቅርፊት አጥንት ነው። ካልሲየም የቱንም ያህል ብትበላ ቫይታሚን ዲ3 ከሌለ ሰውነቷ አይወስደውም፤ ዲ3 ደግሞ የሚሠራው ዩቪቢ ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ነው። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ዩቪቢው መስታወቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በአምፖሉና በኤሊዋ መካከል መስታወት መኖር የለበትም፤ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊትም ብዙውን ያስቀራል። ኤሊዋ ወጥታ ከምትሞቅበት ድንጋይ 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ከላይ ስቀሉት። ከጎን ከሆነ ዓይኗን ይወጋታል።

የዚህ አምፖል ትልቁ ችግር ጨርሶ መሞቱ አለመታወቁ ነው። አሁን የተሰካው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው በ6ኛው ወር ሲነሣ ብርሃኑ እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር። ዩቪቢው ግን ከብርሃኑ ቀድሞ ይደክማል፣ በዓይንም አይታይም። የተሰካበትን ቀን በማርከር አንገቱ ላይ ጻፉበት፤ መለኪያ ከሌላችሁ በ6 ወሩ ቀይሩት።

ሁለተኛው ችግር የድሬ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ያው ነጭ ኖራ፣ ኤሊዋ ከድንጋዩ እየዘለለች በምትረጨው ውሃ አምፖሉም ላይ ይጋገራል፤ ጨረሩንም ይከልላል። በየሁለት ሳምንቱ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ፣ አቼቶ በነካ ጨርቅ ጥረጉት፤ ቀጥሎ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያም አድርቁት።

ይኸው ኖራ ቅርፊቷም ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል፤ ብዙ ሰው በሽታ መስሎት ይደነግጣል። አርጥባችሁ እዩት። ኖራ ከሆነ ሲረጥብ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በውሃ ብቻ እሹት። ሲረጥብም የማይጠፋ፣ ጎድጎድ ያለ፣ የሚሸት ወይም በጣት ሲነኩት የሚለሰልስ ከሆነ ቅርፊቷ እየበሰበሰ ነውና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ንጣፍ ሲነሣ ግን እያደገች ነው፤ በጥፍር አትላጡት። ዘይት መቀባትማ ፈጽሞ አይገባም።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለ20 ደቂቃ፣ ግማሹ ጥላ በሆነ ሰፊ የላስቲክ ሳፋ ከጥቂት ውሃ ጋር አውጧት፤ አጠገቧም ቁሙ። በመስታወት ገንዳ ፀሐይ ላይ ማውጣት ይህችን የምታህል ጫጩት በደቂቃዎች ይገድላል። ድሬ ላይ ከረፋዱ በኋላ ሳፋውም አይታመንም።

አምፖሉ የምግብን ጉድለት አይሞላም። ጥሬ ሥጋ ብቻ የምትበላ ኤሊ ፎስፈረሱ በዝቶ ካልሲየሙ ያንሳታል፤ ቅርፊቷም ይለሰልሳል። ለጫጩት ዋናው ለውሃ ኤሊ የተዘጋጀ ደረቅ መኖ ነው። ከቅጠሎች ውስጥ ጎመን ይሻላል፤ ቆስጣ ግን ካልሲየሙን አስሮ የሚያስቀር ኦክሳሌት ስላለው ይቅርባት። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደ ዱቄት አልማችሁ በሳምንት ሁለቴ ቁንጥር አድርጋችሁ መኖው ላይ ነስንሱ።

ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላለችው ሐረር ፍርዱ ይለያል። እዚያ ጠዋቱ ስለሚቀዘቅዝ ኤሊዋን በየቀኑ ማውጣት አይመችም፤ አምፖሉ ዋናው ዕቃ ይሆናል። ጠምዛዛው አምፖል ግን ሙቀቱ ትንሽ ነው። የምትሞቅበትን ድንጋይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚያደርስ ተራ ባለ ክር አምፖል ጎን ለጎን፣ ውሃውንም ከ26 እስከ 28 ዲግሪ የሚይዝ ማሞቂያ ጨምሩ።