ጂኤን 125ን የመረጠችው እግሬ ናት

ሞተር ሳይክል ለመማር ስወስን የመጀመሪያው ስህተቴ ቪዲዮ ማየት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የፍጥነት ንጽጽር ሳይ ከረምኩ። የትኛው ሞተር ቶሎ እንደሚነሳ፣ የየትኛው ማርሚታ ድምፁ እንደሚያምር በቃሌ ያዝኩ። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚለየው እጀታ፣ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ግን ገና አላውቅም ነበር።

አሁን ያገለገለ ሱዙኪ ጂኤን 125 ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። ቆጣሪው ላይ 6,200 ኪሎ ሜትር ጨምሬበታለሁ። አንዴ ጥዬዋለሁ። ይህን የምጽፈው ያኔ ቪዲዮ ላይ አፍጥጦ ለነበረው ሰው ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር፦ ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ልቤ የወደደውን ነው። ኬቲኤም 125 ዱክ። ብርቱካናማ፣ ሹል፣ ቆሞ እንኳን የሚሮጥ የሚመስል። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ ስድስት ማርሽ፣ 15 የፈረስ ጉልበት። 15 የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ የጀማሪ መንጃ ፈቃድ ለያዘ ሰው የሚፈቀደው ጣሪያ 125 ሲሲ (የሞተሩ መጠን) እና 11 ኪሎ ዋት ነው፤ 11 ኪሎ ዋት ማለት ደግሞ ወደ 15 የፈረስ ጉልበት ነው። ስለዚህ ጠንከር ያሉት 125ዎች ሁሉ እዚያች ጣሪያ ላይ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ያማሃ አር 125ም እንደዚያው ነው።

ወጣሁበት። ከዚያ መሬቱን በእግሬ ጣት ጫፍ ፈለግኩት። የዱክ መቀመጫ ከመሬት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ግራ እግሬ ሲደርስ ቀኙ ይንጠለጠላል፣ ቀኙ ሲደርስ ግራው። ሻጩ ሳቅ እያለ «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» አለኝ። ምኑን ነው የምለምደው? እግሬ አይረዝም።

ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ረጅም ሰው ቢወጣበት ደስ ብሎት ይወርዳል። ለጀማሪ ግን ሌላም ችግር አለው። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ጉልበቱን የሚያወጣው ዙሩ ከፍ ብሎ ሲጮህ ነው። ዙሩ ዝቅ ሲል ጉልበት የለውም፣ ፍሪሲዮኑን ቸኩለህ ከለቀቅክ ይጠፋብሃል። ጀማሪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚውለው በዝቅተኛው ዙር ነው።

እዚህ ላይ የአስተማሪዬን ነገር ላንሳ። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ላይ «ልጄ፣ ሞተር ሲሄድ አይጥልሽም፤ ሲቆም ነው የሚጥልሽ» አሉኝ። ያኔ ነገሩ ተረት መሰለኝ። በኋላ ገባኝ። ፍጥነት ሲኖረው ጎማው እየዞረ ሚዛኑን ራሱ ይጠብቃል። ከመቶ ኪሎ በላይ የሆነው ብረት አንቺ ላይ የሚደገፈው መብራት ላይ ስትቆሚ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ስትዞሪ፣ ወደ ኋላ ስትገፊው ነው። ጀማሪ ሞተሩን የሚጥለው እዚያ ነው። በሰዓት ዜሮ ኪሎ ሜትር። የጥያቄዬ ሁሉ መልስ እዚያች ዜሮ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ስለ 100 ስጠይቅ ነው የከረምኩት።

ሌላ ቦታ ስሄድ ደግሞ ሻጩ ገና ከበሩ «ለሴት ስኩተር ነው የሚሆነው» አለ። ስኩተር አልጠላም። ማርሽ የለውም፣ እግር ከፊት ይቀመጣል፣ ዝናብና ጭቃም ትንሽ ይከላከላል። ግን ሁለት ነገር አስተዋልኩ። አንደኛ፣ የስኩተር መቀመጫ ሰፊ ነው። በወረቀት ላይ ዝቅ ያለ ቢሆንም ጭንን ከፍቶ ስለሚይዝ እግር ከሚጠበቀው በላይ ያጥራል። የመቀመጫ ከፍታ ቁጥርን ብቻ አትመኑ፤ ወጥታችሁ ተቀመጡ። ሁለተኛ፣ እኔ ማርሽ መማር ፈልጌ ነበር። ለሴት ስለተባለ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ እልህም ያዘኝ።

በመሃል ያለው ሆንዳ ሱፐር ከብ ነው። ለእሱ ያለኝን ክብር ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆናል። ከ1958 ጀምሮ ይመረታል፤ በ2017 ምርቱ 100 ሚሊዮን ደርሷል። ማርሽ አለው፣ የፍሪሲዮን እጀታ ግን የለውም። በእግር ማርሹን ስትነኩት ፍሪሲዮኑ ራሱ ይለቃል፣ ራሱ ይይዛል። ሲነደፍ በአንድ እጁ ምግብ ይዞ የሚያደርስ ሰው ታስቦ ነው ይባላል። ከቦታ ቦታ መሄድ ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ ማንበቡን እዚህ አቁማችሁ እሱን ግዙ። እኔ ግን ነገ ሌላ ሞተር ላይ ብወጣ ግራ እጄ ሥራውን እንዲያውቅ ፈለግኩ።

የተማርኩበት ያማሃ ዋይቢአር 125 ነበር። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አምስት ማርሽ፣ ወደ 10 የፈረስ ጉልበት። ቁጥሩ አያስደምምም፤ ሲነዳ ግን ታጋሽ ነው። መቀመጫው 78 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሁለቱንም እግሬን ፊተኛ ግማሽ መሬት ላይ አሳርፋለሁ። እሱን ልገዛ ወስኜ ነበር።

ከዚያ ጂኤኑን አየሁ። ሱዙኪ ይህን ሞተር ማምረት የጀመረው በ1982 ነው፤ እኔ ሳልወለድ ማለት ነው። መልኩም ዕድሜውን አይደብቅም። ክብ የፊት መብራት፣ ወደ ኋላ ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ ከፍ ያለ መሪ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት። የወንድሜ ጓደኛ አይቶት «ይሄ የአያቴ ሞተር ነው» ብሏል። ወጣሁበት። መቀመጫው 73.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም ተረከዞቼ መሬት ነኩ፣ ጉልበቴም ትንሽ ታጠፈ። በዚያች ቅጽበት ትከሻዬ ወረደ። ለካ እስከዚያ ድረስ ሞተር ላይ ስወጣ ሁሉ ትከሻዬን ሰቅዬ ነበር።

ክብደቱ ያለ ነዳጅና ያለ ዘይት 107 ኪሎ ገደማ ነው። ብቻዬን ወደ ኋላ እገፋዋለሁ።

ሌላው የማረከኝ ትንሽ ነገር ነው። ከፊት ለፊት ስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳላችሁ የሚያሳይ ቁጥር ያበራል። የለመደ ሰው ይስቅበታል። ለጀማሪ ግን ወርቅ ነው። የማርሹ አሠራር ለማታውቁት፦ አንድ ወደ ታች ነው፣ ከዚያ ፎሌ (ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ)፣ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ወደ ላይ። ፎሌ በአንድና በሁለት መካከል የተደበቀች ናት። መብራት ላይ ቆሜ ሁለት ላይ መሆኔን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ሞተሩን አጥፍቼ ከኋላ ክላክስ እንደተነፋብኝ አልቆጥረውም። ቁጥሩን ማየት ከጀመርኩ በኋላ ይህ ቀረ። አሁን አላየውም፤ እግሬ ያውቃል።

ከመግዛቴ በፊት አንድ ሌላ ያገለገለ ሞተር ልገዛ ነበር፤ ሌላ ሞዴል ነው፣ ስሙ ይቅር። ባለቤቱ ቁልፍ እንዳዞረ ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። እኔ ደስ ብሎኝ ዞር ስል አስተማሪዬ ጎንበስ ብለው ሞተሩን በእጃቸው ጀርባ ነኩት። «ሞቋል» አሉ። እኛ ከመድረሳችን በፊት ተነስቶ ቆይቷል ማለት ነው። ሞተር ጤናው የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። በማግስቱ ሳንናገር ጠዋት ሄድን፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ቢዞር ቢዞር ቶሎ አልነሳም። በመጨረሻ ሲነሳም ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው።

ጂኤኑን ግን ቀዝቃዛ አገኘነው። ቾክ (ለቀዝቃዛ ማስነሻ የሚሳበውን) ሳብ አድርገን በሁለተኛው ተነሳ፣ ትንሽ ከሞቀ በኋላም በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው ማለት ነው፣ ሳይንቀጠቀጥ ሠራ። ካቴናውን ከመሃል በጣት ወደ ላይ ገፋነው፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲላላ ደግ ነው፣ ከዚያ ካለፈ መጥበቅ አለበት፣ አንዱ ጋ ጠብቆ ሌላው ጋ ከላላ ግን ተበልቷል። የፊት ጎማውን አንስተን መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዞርነው። መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። የፊት አሞርዛተር ላይ ዘይት አልነበረም። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋላዎቹ ዓመቱን ይነግራሉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የእኔ የኋላ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነበር፣ ግን አርጅቶ ደርቋል። ቀየርኩት።

አነዳዱስ? ታጋሽ ነው። ባዶ ቦታ ላይ ነዳጅ ሳልሰጥ፣ በሚኒሞ ብቻ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልኩ ስለቀው በሰው እርምጃ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ያንን ነው ያደረግኩት። ፍሪሲዮኑ መያዝ የሚጀምርባትን ቦታ ጣቴ እስክታውቃት። አሰልቺ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ መነሳት አላስፈራኝም።

የጣልኩት በሦስተኛው ወር ነው። ማቆሚያ ቦታ፣ መሪው ወደ ግራ ሙሉ ታጥፎ፣ ፍጥነቴ ከእግረኛ ያነሰ። አንድ ልጅ ኳሱን ተከትሎ ከመኪና ኋላ ወጣ። እኔም የፊት ፍሬን ጭብጥ። መሪ ታጥፎ የፊት ፍሬን ከያዛችሁ ሞተሩ ወደ ታጠፈበት በኩል ይወድቃል፤ እግር ቢደርስም አያድነውም። የፊት ፍሬን ዋናው ፍሬን ነው፣ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። እየዞራችሁ በዝግታ ስትሄዱ ግን የኋላውን ብቻ ነካ ማድረግ ነው።

ልጁም እኔም ምንም አልሆንንም። የፍሪሲዮን እጀታው ተጣመመ፣ የግራ ፍሬቻው ተሰበረ፣ ስፖኪዮው ዞረ። ሦስቱም በአንድ ከሰዓት ተስተካከሉ። ዱኩን ወይም ዙሪያውን በፕላስቲክ የተሸፈነውን አር 125 ገዝቼ ቢሆን ብዬ አሰብኩ፤ ሆዴ ቦጭ አለ። የመጀመሪያ ሞተር የሚወድቅ ሞተር ነው። ሲወድቅ የማያስለቅስ ይሁን። ጂኤን በብዙ ፋብሪካዎች ስለተቀዳ ዕቃውን መፈለግም አያለፋም።

ማንሳቱንም ያኔ ተማርኩ። ፊት ለፊት ቆሞ መጎተት ወገብ ይቀጫል። ጀርባን ለመቀመጫው ሰጥቶ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንድ እጅ ከመቀመጫው ሥር ካለው ብረት ላይ፣ ከዚያ በእግር ጉልበት ወደ ኋላ መራመድ። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ መቆሚያውን አስቀድሞ መዘርጋት ነው፤ አለዚያ ተነስቶ በዚያኛው በኩል ይወድቃል።

የማልወደው ነገርም አለ። ፈጣን መንገድ ላይ በ80 ሲሄድ ደህና ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መሪው እጄን ያደነዝዘኛል። ከፍ ያለው መሪ ቀጥ አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ንፋሱን በደረቴ ነው የምቀበለው። ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፈኝ ወደ ጎን እገፋለሁ። ዳገት ላይ ሰው ከኋላዬ ሲቀመጥ ወደ ሦስት፣ አንዳንዴ ወደ ሁለት እወርዳለሁ። የኋላው ፍሬን ባለታምቡር ነው፣ ጎማ እንዳይቆለፍ ፍሬኑን ራሱ የሚቆጣጠር ኤቢኤስም የለም። እርጥብ መንገድ ላይ ጎማው እንዳይቆለፍ የምትጠነቀቁት በራሳችሁ ጣትና እግር ነው። ኤቢኤስ ያለው አዲስ ሞተር መግዛት የሚችል ሰው ይግዛ፤ እኔን ሰምቶ አይተወው። ነዳጅ ግን አይበላም፤ በእኔ አነዳድ 100 ኪሎ ሜትር በ2.5 ሊትር ገደማ ይሄዳል።

ሄልሜት ረስቼ። ለሞተሩ ካሰባችሁት ገንዘብ ላይ የሄልሜት፣ የጓንትና የጫማ ቀድሞ ይነሳ። በተረፈው ነው ሞተር የሚገዛው። እኔ ያደረግኩት በተቃራኒው ነበር፣ የመጀመሪያውን ወርም በተዋስኩት ሰፊ ሄልሜት አገጬን እየደገፍኩ ነዳሁ። ሞኝነት ነው።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ መማር ጀመረ። ጂኤኔ ላይ ወጣ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ነው። ሲዞር ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል፣ በቆመበትም አንበጣ ይመስላል። ለእሱ ይህ ሞተር አይሆንም፤ ያለ አንዳች ማመንታት ነገርኩት። ቅዳሜ ሆንዳ ሲቢ 125 ኤፍ ላይ አስቀመጥኩት። መቀመጫው 79 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ነዳጅ ሞልቶ 117 ኪሎ፣ ጉልበቱ ወደ 11 ፈረስ። ሁለት እግሩን አሳረፈ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዞረ፣ ወርዶ ወደ ኋላ ገፋው፣ ተመልሶ ወጣ። ትከሻውን አየሁት፤ ወርዷል። «ተስማማኝ» አለ። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞሮ ሌላ ቀለም ይኖር እንደሆነ ጠየቀ።