አበባ ፍሬ እንዲይዝ የሚረጭ የቲማቲም ሆርሞን፦ ከሁለት የምርት ወቅት በኋላ

ይህ ምርት ኦክሲን የተባለውን የተክል ሆርሞን ተክቶ እንዲሠራ የተዘጋጀውን ፓራ ክሎሮፌኖክሲ አሴቲክ አሲድ የያዘ፣ በውኃ ተበጥብጦ በአበባ ላይ የሚረጭ ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱ ላይ በማንኛውም የአየር ጠባይ ፍሬ እንደሚያስይዝ ተጽፏል፤ እኔም በአንድ ቀዝቃዛና በአንድ ሞቃት ወቅት ሞክሬዋለሁ።

በተለመደው ሁኔታ አበባው ከተራከበ በኋላ የሚያድገው ዘር ኦክሲን ያመነጫል፤ ይህ የኦክሲን መልእክት ሳይደርስ ሲቀር በአበባው ዘንግ ላይ ያለችው አንጓ ኤቲሊን በተባለው የተክል ጋዝ ምክንያት ትላላና አበባው ይረግፋል። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲወርድ ወይም ቀኑ ከ32 ሲያልፍ የአበባው ብናኝ ስለሚዳከም መልእክቱ ይቋረጣል። የዕፅዋት ተመራማሪው ፌሊክስ ጉስታፍሰን እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳሳየው ግን ኦክሲን መሰል ንጥረ ነገር ከውጭ ቢሰጥ ያልተራከበ አበባም ፍሬ ይይዛል። የምርቱ አሠራር ይኸው ነው።

በቅዝቃዜው ወቅት ውጤቱ አስደስቶኛል፤ ቀድሞ ይረግፉ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ዘለላዎች ፍሬ ይዘዋል። ፍሬዎቹ በአብዛኛው ዘር አልባ ነበሩ፤ ሳላውቅ ሁለት ጊዜ የረጨኋቸው ደግሞ ማዕዘናማና ውስጣቸው ባዶ ሆነው አገኘኋቸው (ለሰላጣ እንጂ ለገበያ አይሆኑም)። በሙቀቱ ወቅት ግን አበባው መርገፉን ቢቀንስም ፍሬው ትንሽ ሆኖ ቀርቷል፤ የተያዘውም ቢሆን ቀይ ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን ከ30 ዲግሪ በላይ በአግባቡ ስለማይፈጠር ወደ ቢጫ እንዳደላ በስሏል። ይህን ሆርሞኑ ሊያስተካክለው አይችልም፤ በዚያ ወቅት ከርጭቱ ይልቅ የጥላ መረቡ የበለጠ ጠቅሞኛል።

ትልቁ ቅሬታዬ በመመሪያው ላይ ነው። በሙቀት ጊዜ ፈሳሹ ይበልጥ መቅጠን ሲገባው መመሪያው ለሁሉም ወቅት አንድ መጠን ብቻ ይሰጣል፤ ጠብታው ለጋ ቀንበጥ ላይ ሲያርፍ ቅጠሉን አጥብቦ እንደሚያጣምመውም አያስጠነቅቅም፣ እኔም ይህን ያወቅሁት ጥቂት ተክሎች ከተበላሹብኝ በኋላ ነው። የመለኪያ ክዳኑ ግን ትክክለኛና ምቹ ነው። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ቀዝቃዛ ወቅት አንድ ጠርሙስ እገዛለሁ፣ ለሙቀቱ ግን አልገዛም።