የምድጃው የናሙና መያዣ፦ ገመዱ አንደኛ፣ ቴርሞካፕሉ ጉድ

መስታወት እያሞቅን ዳይኤሌክትሪክ ባሕርይውን (የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲገባ የሚያሳየውን ጠባይ) የምንለካበት የናሙና መያዣ ላብራቶሪያችን ገዝቶ ነበር። ኤልሲአር ሜትር (ካፓሲታንስን፣ ማለትም ቻርጅ የመያዝ አቅምን የሚለካ መሣሪያ) ላይ ይሰካል፣ ናሙናውን በሁለት የፕላቲኒየም ኤሌክትሮዶች መሃል ቆንጥጦ ምድጃ ውስጥ ይገባል። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ስለ ዕቃው ግን ልንገራችሁ።

ገመዱን ወድጄዋለሁ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ዲያሜትሩ 20፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የቦሮሲሊኬት (ሙቀት የሚችል የላብራቶሪ መስታወት) ናሙና ካፓሲታንሱ 13 ፒኮፋራድ ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ሜትር ተራ ኮአክሲያል ገመድ ግን ለብቻው ወደ 100 ፒኮፋራድ ይይዛል፣ ስለዚህ ሺልዱ (የገመዱ የብረት ልባስ) በደንብ ካልተሠራ የምትለኩት መስታወቱን ሳይሆን ገመዱን ነው። የዚህኛው ሺልድ እስከ ኤሌክትሮዱ ጫፍ ይደርሳል። ኦፕንና ሾርት ኮምፐንሴሽኑን (ኤሌክትሮዶቹን ለያይቶና አገናኝቶ እየለኩ የገመዱን ድርሻ መቀነስ) ጨርሰን ምድጃውን ሳንለኩስ ፐርሚቲቪቲውን (መስታወቱ ካፓሲታንሱን ከባዶ ቦታ አንጻር ስንት እጥፍ እንደሚያደርገው) ስናነብ 4.6 አካባቢ ሰጠን። ለቦሮሲሊኬት የሚጠበቀው ይኸው ነው።

ጣጣው የሚመጣው ሲሞቅ ነው። ቴርሞካፕሉን (ሙቀት የሚለካውን ሽቦ) ናሙናው ጋ መትከል ሲገባቸው የምድጃው ግድግዳ ሥር ወትፈውታል! ለሌላ ሥራ ችግር የለውም ይሆናል። መስታወት ውስጥ ግን ሙቀት ሲጨምር የሶዲየም አዮኖች እንደልባቸው መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ 300 ዲግሪ አካባቢ ላይ 20 ዲግሪ ብቻ ብትስቱ ኮንዳክቲቪቲው (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) ወደ እጥፍ ይጠጋል። እኛ ቀጭን ቴርሞካፕል በሴራሚክ ቱቦ አስገብተን ናሙናው አጠገብ አስጠግተነዋል። ይህን ሁሉ ብር ከፍሎ ደግሞ ጥገና!

አንድ ነገር ላይ ግን ዕቃውን አትውቀሱት። መስታወቱ ሞቆ በ100 ኸርዝ ስትለኩ ፐርሚቲቪቲው ሺዎች ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይሄ አዮኖቹ ኤሌክትሮዱ ላይ ሲከማቹ የሚመጣ ነው፣ በየትኛውም መያዣ ያጋጥማችኋል። ፍሪኩዌንሲውን ከፍ አድርጉ፣ ወይም ውፍረቱ የተለየ ናሙና ለክታችሁ አወዳድሩ።

ስፕሪንጉም ጠንከር ያለ ነው። ለኳርትዝ መስታወት ምንም አይልም። የመስኮት መስታወት ግን 550 ዲግሪ አካባቢ መላላት ስለሚጀምር ኤሌክትሮዱ እየተጫነ ያሳሳዋል፣ ውፍረቱ ከተለወጠ ደግሞ ስሌቱ ገደል ገባ። እኔ 500 ላይ አቆማለሁ፣ ማኑዋሉ የፈለገውን ይበል።

በዚህ ዋጋ ድጋሚ አልገዛውም። ገመዱንና ኤሌክትሮዱን ለብቻ ቢሸጡልኝ ግን ነገ አዝዛለሁ።