ለአዘዞዎቹ የብሎኬትና የአልሙኒየም ሠራተኞች ምስጋና፤ ለምትገነቡም ጥቆማ

ማራኪ ላለው አዲሱ ሕንጻችን ግንብ፣ መስኮትና የውሃ ፓምፕ ድምፅ እንዳያስገባና እንዳያስተላልፍ አድርገው ለሠሩልን የአዘዞ ልጆች እግዜር ይስጥልን፤ እጃቸው ይባረክ። ጎንደር ውስጥ ባጃጅ በማያርፍበት አስፋልት ዳር የምትገነቡ፣ ልስን ሳይጀመር ጥሯቸው። ከዚያ በኋላ ማስተካከል ማፍረስ ነው።

ባለ 20 ብሎኬት (ውፍረቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነው) ድምፅ ያስቀራል ይባላል። ያስቀራል፣ ክፍት ካልተተወበት። ግንበኛ ሲቸኩል የቁሙን መጋጠሚያ ያለ ሞርታር ያልፈዋል፤ የመጨረሻውን ረድፍም ከሶሌታው ሳያገናኝ «ኮርኒስ ይሸፍነዋል» ይላል። ኮርኒስ ዓይን እንጂ ጆሮ አይጋርድም፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን በዚያው ይመጣል። ልጆቹ ሁለቱንም ይሞላሉ፣ ከኮርኒስ በላይ ያለውንም በሁለቱም ወገን እስከ ሶሌታው ይለስናሉ፤ ያልተለሰነ ብሎኬት ድምፅን በገላው ያሳልፋልና። የሁለት ቤት ሶኬቶችንም ጀርባ ለጀርባ አያስገቡም፤ ቢያንስ አንድ ብሎኬት ያራርቋቸዋል።

መስኮት ላይ ነው ዋናው ሙያቸው። 1.2 በ1.5 ሜትር በሆነ መስኮት ዙሪያ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ቢቀር ከስፋቱ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል። ያን ጊዜ መስታወቱ የፈለገውን ያህል ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ብዙም የበለጠ ድምፅ አያስቀርም። ስለዚህ ፍሬሙን መጀመሪያ በሞርታር ያጠብቃሉ፣ ሲልከኑ ከውስጥም ከውጭም ይከተላል። ሰፊ ክፍተት ላይ ሲልከን ብቻውን ቢቀባ አይበረክትም። በአስፋልቱ በኩል ተንሸራታች መስኮት አይመክሩም፤ ጠርዙ ላይ ያለው ብሩሽ አየር ያስገባል፣ ድምፅም አብሮ ይገባል። ማጠፊያ ያለውና ጎማው ላይ ተጭኖ የሚዘጋው ይሻላል። ድርብ መስታወት ከፈለጋችሁ አንዱ 6 ሌላው 4 ሚሊሜትር ይሁን፤ እኩል ከሆኑ ሁለቱም በአንድ ድምፅ ይንቀጠቀጣሉ። (የጥምቀትን ሆታና ከበሮ እንዲያግዱልን ግን የጠየቃቸው የለም።)

ፓምፕ ሥር ጎማ ማንም ያነጥፋል። ብሎኑ ጎማውን በስቶ ብረቱን ከኮንክሪቱ ካሰረው ግን ንዝረቱ በብሎኑ ይወርዳል። እነሱ ብሎኑንም በጎማ ሮንዴላ ይለዩታል፣ ከፓምፑ መውጫ ላይ ተጣጣፊ ቱቦ ያስገባሉ፣ ቱቦው ግድግዳ የሚያልፍበትንም በፎም ይጠቀልላሉ። ብረት ቱቦ ግንብ ከነካ ሌሊቱን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ያንጎራጉራል።

ሌላም የሚመሰገኑበት አለ፦ አልሙኒየሙን ቆርጠው የሚመጡት ከወርክሾፓቸው ነው፣ ሰፈር ውስጥ ግራይንደር አያስጮሁም። የአገራችን መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል መሆኑን ስንቱ ተቋራጭ ያውቃል?

ዋጋቸው ከሌላው ወደድ ይላል፣ ወረፋም አላቸው። ከላይ ፎቅ የሚመጣውን የጫማ ኮቴ አይሠሩም፤ እሱ ከሴራሚኩ ሥር በሚነጠፍ ጎማ የሚፈታ ስለሆነ የወለል ሠራተኛችሁን ጠይቁ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን።